ያልተደረሰበት ወረዳ

«እሱ ቢኖር ኖሮ ይሄን ሁሉ ወንበር ሳያስቆጥረን አንቀመጥም ነበር» አለ በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የሟች ምክትል የነበረው ሰው፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ።

ለቀስተኛው ሳቀ። የልቅሶ ቤት ሳቅ መቼም አፍን በእጅ ከድኖ ነው፤ ከሳቁ በኋላም ሰው ሁሉ ጉሮሮውን እየጠራረገ ወደ መሬት ያያል። የሟች ሚስት ግን ከጥቁር ሻሿ ሥር ቀና ብላ ፈገግ አለች። ሰፈሩ «መምህርት» ነው የሚላት። የሰፈሩን ልጆች ግማሹን ማባዛት ያስተማረች እሷ ናት።

«ለቀስተኛው ብዙ ነው ብንለውስ?» አለ አንዱ የመሥሪያ ቤቱ ሰው።

«"ብዙ" የሚባል ቁጥር የለም!» አለች መምህርት የባሏን ድምፅ አስመስላ። እንደገና ተሳቀ። ሲያነሱላት ደስ ይላታል። ሰው ባሏን ባነሳው ቁጥር ገና ከቤት ያልወጣ ይመስላታል።

እንዲህ እየተጫወቱ ሳለ ነው እታለም የገባችው።

እታለም የመምህርት ታላቅ እህት ናት። ከወንዝ ማዶ አውቶቡስ ተሳፍራ መጥታ፣ ቦርሳዋን በደረቷ አቅፋ፣ በሩ ላይ ቆመች። ሙሾ አላወረደችም፤ እህቷን አቅፋ አልሳመችም። «ያጥናሽ» አለችና ለበሩ በሚቀርበው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ፊቱን አሳይቶ ቶሎ የሚወጣ ሰው ነው።

«ማናት?» አለች አንዲት ሴት በጎረቤቷ ጆሮ።

«እህቷ ናት ይላሉ።»

«እህት ብትሆን እዚያ ትቀመጣለች እንዴ?»

«ተኳርፈዋል። ረጅም ነገር ነው።»

መምህርት ሹክሹክታውን ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። እህቷ በመምጣቷ ሆዷ ባባ፤ ግን አልተነሳችም። በዳይዋ እሷ ናት፣ እሷ ትምጣ፣ አለች በልቧ። ያን ያህል እርግጠኛ ነበረች።

እርግጠኛ የሆነችው በባሏ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ «ነጥብ» ነበር የሚሉት፤ ከነጥቡ በኋላ ያለችውን ትንሿን አኃዝ አትጣልብኝ ብሎ ከስንቱ ጋር ስለተጨቃጨቀ። አንድ ሚኒስትር ለንግግር እንዲመቸው ቁጥሩን አጠጋጋልኝ ቢለው፣ «ክቡር ሚኒስትር፣ ንግግርዎን ያጠጋጉት፤ ቁጥሩ ባለበት ይቆያል» አለው ይባላል። ይባላል ሳይሆን ብሎታል፤ የዚያን ዕለት ማታ እየተንቀጠቀጠ ቤት ገብቶ ነግሯታል፣ ከሥራ የሚባረር መስሎት። አልተባረረም። ወሬው ሰው እየተቀባበለው አገር ምድሩን ዞረ፣ እሷም በመምህራን ክፍል ስንቴ እንደተረከችው አታውቅም። ገና ሳይጋቡ ትወደኛለህ ወይ ብላ ጠይቃው ነበር። «ናሙናው አንድ ሰው ብቻ ነው» አላት ተጨንቆ፣ «ውጤቱ ግን ግልጽ ነው።» እንዲህ ያለው ሰው ይዋሻል ብሎ ማን ያስባል?

ኋላ አንድ ክፉ ዓመት መጣ። ከወንዝ ማዶ መጀመሪያ ዝናቡ ቀረ፤ ዘግይቶ ሲመጣ ደግሞ የተረፈውን ቡቃያ ጠርጎ ወሰደው። እታለም ደወለች።

«የባልሽ ሰዎች መጥተው ቆጥረውን ነበር። እርዳታው ወደ ሌላ ሩቅ ወረዳ ሄደ፣ ወደ እኛ አልመጣም። እስቲ ጠይቂልኝ።»

ያን ዕለት እራት ላይ ጠየቀችው። ቀና ብሎ አላያትም። «ድልድዩ ተሰብሮ ወንዙን የተሻገረ የለም። ያልተደረሰበት ወረዳ ነው። ያላየሁትን አየሁ ልበል?»

ይሄ መልስ አኮራት። በማግስቱ ለእህቷ ደውላ ቃል በቃል ነገረቻት።

«አልደረሱም? እኔ ቤት ውኃ ጠጥተዋል እኮ!»

«ሌሎች ይሆናሉ፣ እታለም።»

«ልጄን ታቅፌያት ነው የጻፏት!»

«እሱ አይዋሽም። ሰው ሲቸግረው ያላየውንም አየሁ ይላል።»

ይህን ስትል ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ብርቱካን እየላጠ ነበር። እያንዳንዱን ቃል ሰምቷል። ስልኩን ስትዘጋ ከላጠው ግማሹን አቀበላት፣ እሷም በላች።

የእታለም ትንሿ ልጅ የሞተችው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። መምህርት አውቶቡስ ተሳፍራ ለልቅሶ ሄደች። እታለም በሩ ላይ ጠበቀቻት፣ እንባ በሌለው ዓይን አየቻትና፣ «በየት በኩል መጣሽ? ድልድዩ ተሰብሯል አይደል?» አለቻት።

መምህርት በድልድዩ ላይ አልፋ ነው የመጣችው። ጠግነውት ነዋ፣ አለች ለራሷ። በሰው ሁሉ ፊት ተዋረድኩ ብላ በዚያው አውቶቡስ ተመለሰች። ቤት ገብታ ስታለቅስ ባሏ ፀጉሯን እየዳበሰ፣ «ሐዘን ነው፣ ይለፍላታል» አላት። ከዚያ ወዲህ እህትማማቾቹ አልተነጋገሩም።

አሁን ግን እታለም ከልቅሶ ቤቱ የበሩ ወንበር ተነስታ አልሄደችም። እዚያው አደረች፤ ጠዋት ማንም ሳይጠይቃት ወደ ጓሮ ዞራ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። አንዲት ጎረቤት ቡናውን ከፔርሙስ እየቀዳች፣ «እህትሽ ባለሙያ ናት፣ ግን አትናገርም» ብላ ለመምህርት ነገረቻት።

ረፋዱ ላይ ምክትሉ ተመልሶ መጣ። አሁን እንኳ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ እሱ ነው፤ በዚህ ቤት ግን «ምክትሉ» እንደተባለ ቀርቷል። ወንበሩን ወደ መምህርት አስጠግቶ ዝግ ባለ ድምፅ ጀመረ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር አስበናል። አዲስ ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት አዳራሽ አለ። ሥልጠናውን ጨርሰው ቃለ መሐላ የሚፈጽሙትም እዚያው ነው። አዳራሹ በጋሼ ስም ይጠራ ብለናል። ግድግዳው ላይ የሚሰቀል ጥሩ ፎቶ ብቻ ስጪን።»

መምህርት ዓይኗ እንባ ሞላ። «ቢሰማ ኖሮ ያፍር ነበር» አለች።

«ይገባዋል። ሰው የሚያወራው የሚኒስትሩን ነገር ነው። እኛ የውስጥ ሰዎች የምናውቀው ግን ከዚያ ይበልጣል። አንቺም መቼም ታውቂዋለሽ፣ ያን የወንዝ ማዶውን ጉዳይ።»

ክው አለች። ግን መምህርት ናት፤ ተማሪ እንዲናገር የፈለገ ሰው ዝም ማለት እንዳለበት ታውቃለች። «እ» ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«መጠይቁ እኮ ተሞልቶ መጥቶልን ነበር። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ድልድዩን ተሻግረው፣ ቤት ለቤት ዞረው። ቁጥሩ ሲወጣ ግን ጉድ! ይፋ ቢሆን በማግስቱ ረሀብ ነው ተብሎ መታወጁ ነው፤ ያ ደግሞ ትልቁ ጉባኤ ሊከፈት ሲል። ከላይ ተደወለ።»

«ምን ብለው?»

«ምንም። "እርግጠኛ ናችሁ?" ነው ያሉት። ሌላ ቃል አልተነፈሱም። ጋሼ በሩን ዘግቶ ዋለ። አመሻሹ ላይ ሲወጣ፣ "ጥራቱ አጠራጥሮኛል፤ ወረዳውን እንዳልተደረሰበት ያዙትና በጎረቤት ወረዳዎች አማካይ ሙሉት" አለን። መመሪያው ይፈቅዳል፣ መንገድ ሲቆረጥ የምናደርገው ነው። ጎረቤቶቹ ደጋ ናቸው፣ እህል አላቸው። የእነሱ አማካይ ሲገባበት ወረዳው ደህና ሆኖ ወጣ። ጥበቡን አየሽ? አንዲት ቁጥር ከራሱ አልፈጠረም። መሥሪያ ቤቱን ያተረፈው ያን ቀን ነው።»

«ጥራቱ ያጠራጥር ነበር?»

ምክትሉ ሻዩን አማሰለ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። «እውነቱን ልንገርሽ? ከዚያ የጸዳ ሥራ አላየሁም።»

«ታዲያ ማን አዘዘው?»

እባክህ አንድ ሰው ጥራ፣ አለች በሆዷ። የሚረገም ሰው ስጠኝ። አስፈራርተውት ነበር በለኝ፣ ሽጉጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ በለኝ።

«ማንም።»

«አላስፈራሩትም?»

«ጋሼን? ማን ደፍሮ!» ምክትሉ ሊስቅ ቃጣው። «ራሱ ነው የፈረመው።»

«አንተስ?»

«እኔማ ምክትል ነበርኩ፣ እትዬ። ዝም አይነቅዝም ብዬ …»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እሷ በመምህራን ክፍል የሚኒስትሩን ታሪክ ስትተርክ ያ መሥሪያ ቤት በሙሉ ሌላውን ታሪክ ያውቅ ነበር። መምህርት እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ጠየቀችው።

«ትናንት በሩ ጋ የተቀመጠችውን ሴትዮ አየሃት?»

«አዎ፣ ማናት?»

«እህቴ ናት። የወንዝ ማዶ ሰው ናት። ያን ዓመት ልጅ ሞቶባታል።»

ምክትሉ ብርጭቆውን የሚያስቀምጥበት አጣ። «እግዜር ያውቃል፣ እትዬ፣ እኔ አላወቅሁም።»

«እሱ ያውቅ ነበር።»

አንድ ሽማግሌ ገብተው «ያጥናሽ ልጄ» አሉና ተቀመጡ። መምህርት እጅ ነሳች። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «አዳራሹን በሌላ ሰው ጥሩት» አለችው። «ልጆቹ ሊምሉ ሲቆሙ እሱን እያዩ አይምሉ።»

«ሙት ወቃሽ አትሁኚ፣ እትዬ።»

«በቁሙ ብትነግረኝ በቁሙ እወቅሰው ነበር።»

ምክትሉ ባርኔጣውን አንስቶ፣ ለሽማግሌው አጎንብሶ ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ። መምህርት ተነስታ መኝታ ቤት ገባችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የባሏ ጫማ አልጋው ሥር ተደርድሯል። አላለቀሰችም፤ ልታለቅስለት አልፈለገችም። ልትጣላው፣ ልትጮህበት፣ ኮቱን ጨምድዳ ይዛ «ምነው?» ልትለው ነው የፈለገችው። የት ታገኘዋለች? አምልጧታል። የፈረመበትን ነገር አገር ይፍረድበት፤ እሷን አንጀቷን የቆረጣት ያ ብርቱካን ነው። እህቷን ውሸታም ስትላት እየሰማ መላጡ፣ ልጦም ማቀበሉ። አንዲት ቃል ይበቃው ነበር። «ተይ፣ እውነቷን ነው» ቢላት ማንም አይሰማውም ነበር፣ ሚኒስትርም ጉባኤም። እሷም ታውቅ ነበር፣ ትጮህበትም ነበር፣ ግን እህቷ ትተርፍላት ነበር። ከድቶኛል፣ አለች ጮክ ብላ፣ ለጫማዎቹ። በራሴ አፍ፣ በራሴ እህት ላይ።

ከሳሎን የለቀስተኛው ድምፅ ይሰማል። አንዱ የሚኒስትሩን ታሪክ እንደገና ጀምሯል።

መምህርት በጓሮ በር ወጣች። እታለም ቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብላ ብርጭቆ ታጥባለች፤ እያጠበች ሣህን ላይ ትደፋዋለች።

«እታለም።»

«አቤት» አለች ዞር ሳትል። «ለእሱ አይደለም የመጣሁት፣ እንዳይመስልሽ። ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ ነው። ይሄን ጨርሼ እሄዳለሁ።»

ይቅርታ ለመጠየቅ ነበር የወጣችው። ቃሉ ግን ትንሽ መሰላት፣ እንዲህ ላለው ነገር የማይበቃ። ስለዚህ ያን ዓመት መጠየቅ የነበረባትን ጠየቀች።

«ሰዎቹ የመጡ ቀን ምን ብለው ጠየቁሽ?»

የእታለም እጅ ብርጭቆው ውስጥ እንዳለ ቆመ። ውኃው ይወርዳል። ቀና ብላ እህቷን አየቻት፣ ፊቷን፣ ዓይኗን፣ እንደገና ፊቷን።

«ዛሬ ነው የምትጠይቂኝ?»

«ዛሬ ነው።»

እታለም ቧንቧውን ዘጋች። መምህርት በጥቁር ቀሚሷ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«ስንት ሰው እዚህ ቤት ያድራል አሉኝ። ነገርኳቸው። ትናንት ምን በላችሁ አሉኝ። አፍሬ፣ በልተናል አልኳቸው። ከመካከላቸው አንዷ ሴት ድስቱን ከፍታ አየችና መልሳ ከደነችው። ከዚያ ልጅቷን አምጪያት አለችኝ። ክንዷ ላይ የመለኪያ ጥብጣብ ጠመጠመች። ልጄ ኮርኩሯት ሳቀች። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። ጻፈች፤ ደግማ ለካች፤ ደግማ ጻፈች። ስትወጣ፣ አይዞሽ፣ ይሄን የሚያይ ሰው ዝም አይልም አለችኝ።»

መምህርት አንገቷን ደፋች። «ክንዷ ምን ያህል ነበር?» አለች።

እታለም አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አገናኝታ ቀለበት ሠራችና አሳየቻት። መምህርት ቀረብ ብላ አየች። ከዚያ በራሷ ጣቶች ያንኑ ሠራች፣ እንዳይሳሳትባት ተጠንቅቃ፣ እህቷ ፊት ዘረጋችው።

እታለም በእርጥብ እጇ የእህቷን ጣቶች ያዘች።

«ጠበብ አድርጊው» አለቻት።

አጠበበችው።