የታች ሰፈር የውሃ ቀን

ታች ሰፈር ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ ነው። ቫልቩን የሚከፍተውን ሰውዬም እናቱ ያወጣችለትን ስም ትተው "ሐሙስ" ይሉታል። እናቱ ራሷ ሳትቀር ለምዳዋለች። ላይ ሰፈር ግን ውሃ በየቀኑ ስላለ፣ ማን እንደሚከፍተው ጠይቆ የሚያውቅ የለም። ጉሮሮው ያልደረቀ ሰው ስለ ቧንቧ ምን ያስጨንቀዋል!

በሁለቱ ሰፈሮች ድንበር ላይ፣ ከመጨረሻው ቪላ አጥር ሥር፣ የብረት ክዳን ያለው ጉድጓድ አለ። ውስጡ ሁለት ቫልቮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ ለላይ፣ አንዱ ለታች። ያን ቀን ጠዋት ሐሙስ ክዳኑን አንስቶ ረጅሙን መክፈቻ ብረት ሊያስገባ ሲል ስልኩ ጮኸ። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነው።

"ዛሬ ታች አይከፈትም። ላይ ቅዳሜ ሠርግ አለ፣ መዋኛ ገንዳ ይሞላል።"

"ጌታዬ፣ ያለፈው ሐሙስም አልተከፈተም እኮ።"

"ስማ፣ አንድ ሳምንት ቢጨምሩ አይሞቱም።"

ሐሙስ ቀና አለ። በአጥሩ ፍርግርግ ወዲያ አንድ ዘበኛ የውሃ ጎማ ይዞ አስፋልት ያጥባል። አስፋልት! ከጉድጓዱ በታች ደግሞ የቆርቆሮ ጣሪያዎቹ ተደጋግፈው ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ከነሱ በአንደኛው ሥር እህቱ አራስ ናት። ልጁ ከተወለደ አሥራ አንድ ቀኑ ነው፤ እስካሁን በረጠበ ጨርቅ ከመጠረግ በቀር ገላውን ታጥቦ አያውቅም። ቤት ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ውሃ አራሷ ትጠጣት ወይስ ልጁ ይታጠብባት? የሐሙስ ደሙ ፈላ።

"እኔ እከፍታለሁ፣ ጌታዬ" አለ። "መዝጋት ከፈለጉ እርስዎ መጥተው ይዝጉ።" ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋበት።

በአሥራ ስምንት ዓመት ሥራው እንዲህ ተናግሮ አያውቅም። እጁ ግን ሥራውን ያውቃል። የታችኛው ቧንቧ አርጅቷል፣ በአንዴ ከከፈቱት ይፈነዳል። ስለዚህ አራት ዙር ብቻ አዙሮ ቁጢጥ አለ፤ ውስጡ የታመቀው አየር እያፏጨ እስኪወጣ መጠበቅ አለበት። ፉጨቱን የሰሙ ሴቶች ጄሪካናቸውን ይዘው ከየቤቱ ብቅ ብቅ አሉ። አንዳንዶቹም ውሃው ምን ሆኖ ዘገየ ብለው እስከ ጉድጓዱ ድረስ ወጡ፤ እናቱም ባልዲዋን አንጠልጥላ አብራቸው መጣች።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የኃላፊው መኪና አቧራውን እያስነሳ ደረሰ። ሰውዬው ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ ብረቱን ከሐሙስ እጅ መንጭቆ ጉድጓዱ ላይ አጎነበሰ።

"ወግድ! ራሴ እዘጋዋለሁ።"

ወደ ቀኝ ማዞር ጀመረ። ሌላው ቫልቭ ሁሉ ወደ ቀኝ ነው የሚዘጋው። ይሄ አሮጌ ግን ወደ ቀኝ ይከፈታል፤ ያንን የሚያውቀው በእጁ የነካው ሰው ብቻ ነው፣ ኃላፊው ደግሞ እዚህ ጉድጓድ አጠገብ እንኳን ደርሶ አያውቅም። አንድ ዙር፣ አምስት ዙር፣ አሥር ዙር። ላቡ በአንገቱ ወረደ። ሐሙስ አየሩ ወጥቶ እንዳለቀ ከድምፁ አውቆ ነበርና እጁን አጣጥፎ ተመለከተው።

"መጣ! መጣ!" የሚል ጩኸት ከታች ተሰማ።

"ምን ሆነው ነው የሚጮኹት?" አለ ኃላፊው ቀና ብሎ።

"ስለከፈቱላቸው ነዋ።"

ሴቶቹ ሳቃቸው አመለጣቸው።

"ይሄኛው ወደ ግራ ነው የሚዘጋው" አለ ሐሙስ። "በየዓመቱ ሪፖርት ላይ ጽፌ ሰጥቻለሁ፤ ያነበበው የለም። አሁን አወቁት፣ ይዝጉት። ግን ፊታቸውን እያዩ ይዝጉት። በስልክ ሲሆን ቀላል ነበር።"

ኃላፊው ብረቱን እንደጨበጠ ዙሪያውን አየ። አሁን የሚስቅ የለም። የሐሙስ እናት ቀስ ብላ መጣችና ባልዲዋን ጉድጓዱ አፍ አጠገብ ደፍታ ተቀመጠችበት።

"ዝጋው ልጄ" አለችው። "እኔ የትም አልሄድም፤ ቁጭ ብዬ አይሃለሁ።"

"እማማ፣ ይነሱ እንጂ። እኔ እኮ ታዝዤ ነው።"

"የኔም ልጅ ታዞ ነበር።"

ኃላፊው ብረቱን መሬት ላይ ወረወረና ሐሙስ ላይ ጣቱን ቀሰረ። "ከዛሬ ጀምሮ ተባረሃል!" ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። ቫልቩን ግን አልነካውም።

ሐሙስ የመጨረሻዋ ጄሪካን እስክትሞላ ከጉድጓዱ አልተነሳም። ከዚያ ብረቱን ተሸክሞ ወደ ቤት ወረደ፤ መሣሪያውን መልስ ብሎ የጠየቀውም የለም። እህቱ ደጅ ላይ ሳፋ ሞልታ ውሃውን በፀሐይ ለብ አድርጋዋለች።

"አባረሩህ አሉ?"

"አባረሩኝ።"

"በል እንግዲህ፣ ሥራ ከሌለህ ና ልጁን ያዝልኝ" አለችው፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

ልጁ ውሃው ሆዱን ሲነካው ሰፈሩን በጩኸት ቀወጠው። እግሩን እያወራጨ የአጎቱን ሸሚዝ አራሰው። ሐሙስ ደንግጦ ሊያወጣው ሲል እናቱ ከኋላ ትከሻውን ያዘችው።

"ተወው፣ ይጩህ" አለች። "እዚህ ሰፈር ሳይጮህ ያገኘ ማን አለ?"