የአንጓች ሙግት ከገዛ ሆዷ ጋር

ዓይን ያላየው፣ እጅ ያልዳሰሰው ሕማም ሁሉ ሐሰት ነው የሚሉ ጠቢባን ነን ባዮች በየዘመኑ አልታጡም፤ ነገር ግን፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ኅሊና ገና ያልመጣውን መዓት እንደመጣ አድርጎ ሲያላምጥ ሲያመነዥክ፣ ከርሥ ባልበላው መርዝ እንደሚቃጠል፣ በወጣትነቱ ወራት በፍርሃት የተፈተነ ሁሉ ያውቀዋል።

ከእነዚህም አንዷ የሟቹ የቀኛዝማች ጓንጉል ልጅ አንጓች ነበረች። አባቷ ሲሞት ርስቱን ጠቅልሎ የያዘውን አጎቷን ግራዝማች ተድላን ከስሳ ሳለች፣ የችሎት ቀን በቀረበ ቁጥር እምብርቷ ዙሪያ እሳት ይነድድ፣ አንጀቷም እንደ ገመድ ይጠመዘዝ ነበር። ደብተራው ክታብ ጻፈላት፤ ባልቴቶቹ በቡዳ አሳበቡ፤ እናቷም ትል ነው ብላ ኮሶ አጠጣቻት፤ ኮሶውም ትል ቢያጣ የቀራትን አቅም ጠራርጎ ወጣ። ሲያማት ምን እንደምታስብ ግን ማንም አልጠየቃትም፤ ቢጠይቋትማ፣ ከሸንጎው ሾላ ሥር ቆማ አንደበቷ ሲተሳሰር፣ ሕዝቡ ሲሥቅባት፣ የአባቷም አጥንት ሲወቅሳት ታይ እንደነበር፣ ይህንንም ራእይ እንደ ዳዊት ትደግመው እንደነበር በነገረቻቸው።

በሥርዓቱ ቀጠሮ ያፈረሰ ርስቱን ያጣልና፣ ፍርድ በሚሰጥበት ማለዳ ግራዝማች ማር በተቀባ አንደበት መጣ።

«አይ ልጄ፣ በዚህ ሆድሽ ሙግት? ነገሩን ተይውና እኔ እጦርሻለሁ።»

«ጋሼ፣ የሚጦር ሽማግሌ ነው፤ እኔ ገና ጥርሴ አልወለቀም» አለችና ነጠላዋን አደገደገች።

ባላጋሮች የልብሳቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ መሄዳቸው የአገሩ ልማድ ነውና፣ የእርሷ ነጠላ ከአጎቷ ኩታ ጋር ተቋጠረ። ከወንዙ ሲደርሱ ያ ቁርጠት እንደ ልማዱ ተነሣ፤ ወገቧም ጎበጠ። ቋጠሮውን ትክ ብላ አየችና፣ ይህ ቁርጠትም ሌላው ቁራኛዬ ነው፣ ባላጋራን ደግሞ ይሟገቱታል እንጂ ይሸሹታል እንዴ፣ ብላ በልቧ ችሎት አስቻለች፦ «ትወድቂያለሽ ባይ፣ በል ምስክርህን ቁጠር! ስወድቅ ያየኝ ማነው? ዋስህስ የታለ?» ምስክር አልተገኘም። ሕመሙ አልለቀቃትም፤ ነገር ግን እስከዚያች ሰዓት ዳኛ የነበረው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ተከሳሽ ሆነ።

ከሾላውም ሥር ስትቆም፣ የፈራችው ሁሉ ደረሰ፤ አንደበቷ ተያዘ፣ ሕዝቡም አጉረመረመ፤ አንዱ ቀልደኛ «ኧረ ኮሶ ድገሟት!» ብሎ ሸንጎውን አሣቀው። ምድር ግን አልተከፈተችም፤ ሰማይም አልወደቀ። አንጓችም ይህን አይታ፣ በአንድ እጇ ሆዷን ደግፋ፣ በሌላው ቋጠሮውን ሳብ አድርጋ ግራዝማችን ወደ መካከል ጎተተችው።

«ኮሶውንስ ጠጥቼዋለሁ! አልወጣ ያለኝ ይህ ርስቴን የዋጠው ትል ነው!»

ሣቁ ባለቤቱን ለወጠ፤ ዳኛውም አፉን በኩታው ሸፈነ። እርሷም ወሰኑን ከዛፍ እስከ ድንጋይ፣ ምስክሮቿን ከሽማግሌ እስከ ቄስ ጠርታ፣ ጀንበር ሳታዘቀዝቅ ርስቷን አስፈረደች፤ ሆዷ ይህን ሁሉ ጊዜ ይቆርጣት ነበር። ከዚያም ወዲህ ቁርጠቱ አልፎ አልፎ ተመላለሰ፤ እርሷን ግን ከአንድም ሸንጎ አላስቀራትም፤ ፍርሃት የተቆራኘው ሰው ቋጠሮውን እስኪፈቱለት አይጠብቅም፣ ባላጋራውን እየጎተተ ወደ ችሎቱ ይሄዳል እንጂ።