ካልጋሪ ነው የተባለው ልጅ

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእታገኝ ውሸት ግን እያደር ከበደ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ «ልጅሽ እዝራ የት ጠፋ?» ቢሏት፣ «ሌላ ከተማ፣ ካልጋሪ ሥራ አግኝቶ ሄደ» አለች። በቃ፣ ውሸቷ ያቺው ናት።

እዝራ የትም አልሄደም። እዚያው የስደት ሰፈራቸው ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ቤታቸው ውስጥ አእምሮው ታሞ ከራሱ ጋር እያወራ ተቀምጧል። ሐኪም ቤት ትውሰደው? የሐኪም ቤቱ አስተርጓሚ ሐበሻ ብትሆንስ፣ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቅዳሴ ይደርሳል! ወጣ ይበል? ካልጋሪ ያለ ሰው ሊፍት ውስጥ ምን ይሠራል? ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ስትሄድ መኝታ ቤቱን ከውጭ ቆለፈችበት። እያለቀሰች ነው የምትቆልፈው፤ ግን ትቆልፋለች።

ሥራዋ ደግሞ፣ አይ የሰው ዕድል፣ ሙዚየም ማጽዳት ነው። ዘንድሮ ያመጡት ኤግዚቢሽን የድሮ የአእምሮ ሕሙማንን ኑሮ የሚያሳይ ነው። አንዱ በሽተኛ የሣላቸው ሥዕሎች ግድግዳውን ሞልተውታል፤ ሁሉም አንድ በር፣ ከውስጥ የታየ። እታገኝ ቀና ሳትል አቧራቸውን ትጠርጋለች። ከሥዕሎቹ አጠገብ ከፈረሰ ሆስፒታል ተነቅሎ የመጣ የበሽተኛ ክፍል አለ፣ ከነመዝጊያው።

ረቡዕ ዕለት ተናኜ ሙዚየሙ ድረስ ልታያት መጣች። ጓደኛዋም ጎረቤቷም ናት፤ ስምንተኛ ፎቅ፣ ልክ ከእነ እታገኝ ሥር ነው የምትኖረው። ቀልድ ትወዳለች። እታገኝ ክፍሉን ልትወለውል ስትገባ፣ «እስቲ እብደት ያምርብሽ እንደሁ!» ብላ መዝጊያውን ገፋችባት። መወርወሪያው ተቀረቀረ፤ አልላቀቅም አለ።

እታገኝ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ መዝጊያውን ገፋች። በመዳፏ መታች፣ በቡጢዋ መታች። ያን ድምፅ ታውቀዋለች፤ በየጠዋቱ ጥላው ነው የምትወጣው።

«ልጄን!» ብላ ጮኸች። «ካልጋሪ አይደለም! ቆልፌበት ነው የመጣሁት!»

ጥበቃው መጥቶ ከፈተ። ተናኜ ፊቷ ላይ ድንጋጤ የለም።

«አውቃለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ሲያንኳኳ እሰማዋለሁ።»

«ሁለት ዓመት?»

«ካልጋሪ ነው ስትይ ምን ልበል? ውሸታም ልበልሽ? ይሉኝታ ያዘኝ። እሱ ሲያንኳኳ በመወልወያው እንጨት ጣሪያዬን መልሼ አንኳኳለታለሁ። ያኔ ዝም ይላል።»

እታገኝ ዝም የሚያሰኘው ጠዋት ጠዋት የምታጠጣው ጸበል ይመስላት ነበር። ወደ ተናኜ ዞረች።

«አንድ ቀን እንኳ የእኔን በር ሳታንኳኪ?»

«አንቺስ» አለች ተናኜ እንባዋ እየወረደ፣ «የእሱን መቼ አንኳኩተሽ ታውቂያለሽ?»