የውሻው ልክ

አባቷ የውሻውን ልክ በወረቀት ቆርጦ መጣ። ቡናማ፣ ወፍራም ወረቀት ነው፤ ለካፖርት ቅድ የሚጠቀምበት ዓይነት። እንደ ምንጣፍ ጠቅልሎ በክር አስሮታል። ልጅቱ ያገለገሉ መኪኖች የሚሸጡበት ግቢ በር ላይ ቆማ ወረቀቱን በብብቱ ይዞ ሲመጣ ስታየው፣ መጀመሪያ ለደንበኛ ልብስ ሊያደርስ የያዘው መስሏት ነበር።

«ተኝቶ እያለ ነው የለካሁት» አለ፣ ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ። «በጎኑ፣ እግሩን ዘርግቶ። ቆሞ የተለካ ሱሪ ሲቀመጡበት ይይዛል። እሱም እንደዚያው ነው፤ ስድስት ሰዓት መንገድ ቆሞ አይሄድም።»

«ጥሩ አድርገሃል አባዬ።»

«ለመለካት የማይመጣ ደንበኛ ሞልቷል። ወረቀት ይበቃል።»

ውሻውን ራሱን ማምጣት አይቻልም ነበር። ጥጃ የሚያህል ውሻ የሚጭን ታክሲ የለም፤ ችግሩም ከመጀመሪያው ይኸው ነው። አባቷ አርባ ዓመት ልብስ የሰፋበት የኪራይ ቤት ተሽጧል፤ በዘጠኝ ቀን ውስጥ መልቀቅ አለበት። የሚሄደው እሷ ዘንድ ነው፤ በአውቶቡስ ስድስት ሰዓት ወደሚያስኬደው ከተማ፣ በአንድ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ወደምትሠራበት። አውቶቡስ ደግሞ ውሻ አይጭንም። የእሷ ቁጠባ የሚችለው ያገለገለች ትንሽ መኪና ነው። ውሻው የሚገባባት ከተገኘች አብሮ ይሄዳል፤ ካልተገኘች የጡብ ፋብሪካው ዘበኛ ልውሰደው ብሏል። የዘበኛውን ውሾች አባቷ ሄዶ አይቷቸው ነበር። ሰንሰለቱ ከማጠሩ የተነሣ አንገታቸውን ሳያሳርፉ ነው የሚተኙት። ይህን አንድ ጊዜ ነግሯት ዳግም አላነሣውም።

ውሻው የሟች ወንድሟ ነበር። ወንድሟ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በፊት ከምሰሶ ወድቆ ሞተ። ቡችላውን በጃኬቱ ኪስ ይዞት የመጣው፣ «ዳኛው» ብሎ ስም ያወጣለትም እሱ ነው፤ ሰው ሲጨቃጨቅ መሐል ተቀምጦ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ዝም ብሎ ስለሚያይ። ከቀብሩ ወዲህ አባቷ በስልክ የሚያወራት ስለ ዳኛው ሆነ። ዳኛው በላ፣ ዳኛው አልበላም፣ ዳኛው ዛሬም በሩ ላይ ተኝቶ ዋለ። እሷ ታማ ድምፅዋ ተዘግቶ እንኳ አላስተዋለም። እናም ያን ዕለት ጠዋት በመኪኖቹ መካከል ስትሄድ ለማንም የማትናገረው አንድ ምኞት ነበራት፤ አንዱም እንዳይበቃው።

ደላላው ቁልፎች በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ሲራመድ የሚንሿሿ ሰው ነበር። ወረቀቱ ሲዘረጋ አይቶ ራሱን ያዘ።

«አባባ፣ ይሄ ውሻ ነው ወይስ የአገር ካርታ?»

«ውሻ ነው።»

«እኔ እነዚህን መኪኖች የሸጥኩላቸው ሰዎች ጉልበታቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ነው የሚሄዱት። ውሻው ምን ቤት ሆኖ ነው እግሩን የሚዘረጋው?»

«ሰው ካልተመቸው ወርዶ ይሄዳል» አለ አባቷ። «እሱ ውረድ ካላሉት አይወርድም።»

የመጀመሪያዋ ቀይ መኪና ሁለት በር ብቻ ነበራት። ውሻው ወደ ኋላ ለመግባት በፊት ወንበር ላይ መዝለል ነበረበት፤ ዳሌው ደግሞ ከአምና ጀምሮ መዝለል ትቷል። ሁለተኛዋ ሰፊ ሆና ሳለ ከኋላ በኩል የጋዝ ሲሊንደር ተገጥሞባታል። ሦስተኛዋ የኋላ ወንበሯ አይታጠፍም። አባቷ በየመኪናው ይንበረከካል፣ ወረቀቱን ይዘረጋል፣ በመዳፉ ይደባብሳል፣ መልሶ ይጠቀልላል። አንዱን ወንበር በጥፍሩ ጫር አድርጎ፣

«ይሄ እንደገና ተሰፍቷል» አለ። «የሰፋው ሰው ወይ ቸኩሏል ወይ ጠጥቷል።»

«ሁለቱም ነው አባባ» አለ ደላላው። «ወንድሜ ነው የሰፋው።»

እሷ «አይሆንም» ባለች ቁጥር ቀለል ይላታል፤ ወዲያው ደግሞ የአባቷ ሱሪ ጉልበቱ ላይ በጭቃ መነካቱን ታያለች።

አራተኛዋ ግራጫ ነበረች። ጣሪያዋ በረዶ እንደመታው ጎድጎድ ብሏል። ሞተሯ በመጀመሪያው ተነሣ፤ ጎማዎቿም ገና አዲስ ናቸው። የኋላ ወንበሯ ሲታጠፍ ወለሉ ጠፍጣፋ ሆነ። አባቷ ወረቀቱን ዘረጋ። ልክክ አለ፤ ከአፍንጫ እስከ ኋላ እግር።

«እንደ ተለካላት» አለ ደላላው፣ እጁን እያሻሸ።

ልጅቱ ወረቀቱን ልታቃና ጎንበስ አለች። ያን ጊዜ ነው ያየችው። አባቷ ሲቀድ በጠመኔ ያሠምራል፤ ሲቆርጥ ደግሞ ሁልጊዜ ከመሥመሩ ውጭ ነው፣ መሥመሩ ሙሉውን ወረቀቱ ላይ እንዲቀር። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያየችው አንድም ቅድ መሥመሩን አጥቶ አያውቅም። በዚህ ወረቀት ዳር ላይ ግን ጠመኔ የሚባል ነገር አልነበረም። መቀሱ ከመሥመሩ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር የሄደው፤ በአንገቱ ዙሪያ፣ በጀርባው፣ በእግሮቹ ጫፍ። ትክክለኛውን ልክ ለክቶ፣ አሥምሮ፣ ከዚያ አሳንሶ ቆርጦታል።

ቀና ስትል አባቷ መኪናዋን እንጂ እሷን አያይም ነበር።

«ምን ይመስልሻል?»

«ገብቷል እኮ» አለች።

«ገብቷል።»

ነገሩ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነበር። አባቷ፣ መኪናዋ አንዴ ከተገዛች ውሻው እንደምንም ይገባል ብሎ አስቧል። እሷ ደግሞ ብትናገር «እንግዲያው የሚበቃው የለም» ማለትና ውሻውን ለአጭሩ ሰንሰለት በገዛ አፏ መስጠት ይሆንባታል። ዝም ካለች ነገሩን ውሻው ራሱ፣ በገላው፣ ይጨርሰዋል። ውሉን ተፈራረመች። ደላላው ቁልፉን ከገመዱ ላይ ሲፈታ «ውሻውን ሰላም በሉልኝ» አለ፤ የሳቀ ግን እሱ ብቻ ነበር።

ቤት ሲደርሱ ዳኛው በሩ ላይ ተኝቶ ነበር። አባቷ የመኪናዋን የኋላ በር ከፍቶ ጠራው። ውሻው መጣ፤ የፊት እግሮቹን ወለሉ ላይ አሳረፈና ቆመ። አባቷ ከኋላ ሆኖ ዳሌውን በሁለት እጁ ደግፎ አነሣው። ውሻው አቃሰተ፤ አንገቱን አጣሞ የፊት ወንበሩ ጀርባ ላይ ተጣበቀ። የኋላ እግሮቹ ግን ከነጭራው ውጭ ቀሩ።

«እጠፍ፣ ልጄ፣ እጠፍ» ይለዋል አባቷ፣ እግሩን በእጁ እያጠፈ። «ትንሽ ነው የቀረችን።»

በሩን ቀስ ብሎ ሊያወርደው ሞከረ። በሩ የውሻውን ዳሌ ነካና ዳኛው ጮኸ። ከዚያ በተራ ሁሉን ሞከሩ፤ በኋላ እግሩ በኩል፣ በጎን በር፣ ተቀምጦ። ሲቀመጥ ጣሪያው አንገቱን ይሰብረዋል። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ከቆዩ በኋላ ውሻው ወርዶ ግድግዳው ሥር ተጋደመ። መኪናዋን ዳግም አላያትም።

አባቷ የቤቱ ደፍ ላይ ተቀመጠ። 

«ተሳስቼ ለክቻለሁ» አለ።

በዕድሜዋ ሙሉ ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም። እጅጌ አጥሮበት የሚመጣ ደንበኛ እንኳ ቢኖር «እጅህ አድጎ ይሆናል» ብሎ ይመልሰው ነበር እንጂ።

«አልተሳሳትክም» አለች።

ሱሪው ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር።

«መሥመሩን ቆርጠኸዋል። እዚያው ግቢ ውስጥ ነው ያየሁት።»

«አይተሽ ነው የገዛሻት?»

«አይቼ ነው።»

አባቷ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ለምን ብሎ አልጠየቃትም። ይህ ከመጠየቁ ይልቅ ከበዳት።

«ዘበኛው ነገ ይምጣ በይው» አለ በመጨረሻ። «እኔ ግን አልጠራውም። አንቺ ጥሪው።»

ስልኳን አወጣች። ቁጥሩን ፈልጋ አገኘችው፤ አውራ ጣቷን ቁጥሩ ላይ አድርጋ ቆየች። ውሻው ግድግዳው ሥር ሆኖ አንዴ እሷን፣ አንዴ አባቷን ያያል። ስልኩን ኪሷ ከታ ወደ መኪናዋ ሄደችና በሹፌሩ አጠገብ ባለው ወንበር ሥር አጎንብሳ ተመለከተች። በአራት ብሎን ነው የታሰረው። ከመኪናዋ ጋር የመጣው መፍቻ አልገጠመም፤ ከጎረቤት ቧንቧ ሠራተኛ ሌላ ተዋሰች። ሦስቱ ብሎኖች ቶሎ ወጡ፤ አራተኛው ዝጎ ስለነበር እስኪላቀቅ መዳፏን ላጠው። ወንበሩን ጎትታ አውጥታ ባዶው ሳሎን ውስጥ አስቀመጠችው። አባቷ ምን እንደምትሠራ ሲገባው የቁም ሳጥኑን አንድ በር ነቅሎ አመጣ፤ ወለሉ ላይ በርዝመቱ አጋደሙት፣ ብርድ ልብስ አነጠፉበት። ዳኛው በጎን በር ቀስ ብሎ ገባ፤ አንድ ጊዜ ዞረ፣ ተኛ፣ እግሩን ዘረጋ። በሩ ተዘጋ።

ሁለቱም ወደ ውስጥ ሲመለከቱ፣ ከሹፌሩ ወንበር በቀር ለሰው የቀረ መቀመጫ አልነበረም። ቀድሞ የተናገረው አባቷ ነው።

«አውቶቡሱ በስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?»

«አባዬ...»

«ጥያቄ ነው የጠየቅኩሽ።»

«አንድ ሰዓት ላይ።»

«ጥሩ ነው። በመስኮት በኩል ወንበር ያዢልኝ።»

መልቀቂያው ቀን ሲደርስ አባቷ በጠዋት ተነሥቶ ከሦስት ቤት ወዲያ ካለው ማዕዘን አውቶቡሱን ጠበቀ፤ እሱ ሲሄድ ዳኛው እንዳያየው። ሲሰናበታት «ሲጠማው ምላሱን በግራ በኩል ነው የሚያወጣው» ብሏት ነበር። ሌላ አልጨመረም። እሷ አውቶቡሱ እስኪሄድ ቆይታ ሞተሩን አስነሣች።

ዳኛው እስከ ከተማው መውጫ ድረስ አንገቱን አቅንቶ በኋላ መስኮት ያይ ነበር። አስፋልቱ ሜዳ ሲጀምር ሰለቸው መሰል ዞሮ ጭንቅላቱን ክንዷ ላይ ጣለው። ከባድ ነበር፤ ይሞቃልም። ማርሽ መቀየር ሲኖርባት በክርኗ ከፍ ታደርገዋለች፤ እሱም መልሶ ይጥለዋል። ገና አምስት ሰዓት ተኩል መንገድ ቀርቷት ነበር።