የማታው ክኒን በቀትር

የመጀመሪያውን ክኒን ያዘዘልኝ ሐኪም፣ ድብርቱ ይለቅሻል፣ ለቅሶውም ይቆማል ብሎኝ ነበር። አልዋሸም፤ ሳምንታት ቢፈጅም ቆመ። ችግሩ፣ እንቅልፌም አብሮ ቆመ። ድሮ አልቅሼ አልቅሼ እተኛ ነበር፤ አሁን ዓይኔ ደርቆ ጣሪያው ላይ አፍጥጬ አድራለሁ። ባለቤቴ አጠገቤ እንደ ወፍጮ ያንኮራፋል። እኔ ደግሞ ጋዙን ዘግቼዋለሁ ወይ፣ በሩ ተቆልፏል ወይ፣ ይሄ ሰውዬ አሁን ለምን ዝም አለ፣ ሞተ እንዴ እያልኩ ይነጋል። ዝም ሲል በክርኔ እጎስመዋለሁ። ሲያጉረመርም ደስ ይለኛል፤ ሬሳ አያጉረመርምማ።

በዚህ የተጠቀመ ቢኖር ልጄ ነው። ዳቦ ቤት ስለሚሠራ ገና ሳይነጋ ይወጣል። ስልኩ ቢጮህ ቢጮህ አይሰማም። እኔ ግን እሱን ለመቀስቀስ መንቃት እንኳ አያስፈልገኝም፤ መቼ ተኝቼ። «እማ፣ አንቺ እኮ ከደወል ትበልጫለሽ» ይለኛል፣ ያመሰገነኝ መስሎት።

የምሠራው ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ነው፤ የእንፋሎት መተኮሻው ላይ። አንሶላው ይነጠፋል፣ እጅ ይወጣል፣ ክዳኑ ይወርዳል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ የሚተኮሰው እጅ ነው። አንድ ቀን ቆሜ አንቀላፋሁና ክዳኑ የእጅጌዬን ጫፍ ያዘው። እጄ አልተነካም። እጅጌው ግን ከተሰፋ ጀምሮ እንደዚያ ተተኩሶ አያውቅም።

የክፍሉ አለቃ ቀጭንና ቀጥ ያለች ስለሆነች ሽቦ እንላታለን፤ በሌለችበት ነው እንግዲህ። መጣች፣ እጅጌዬን አየች፣ ደግመሽ ካንቀላፋሽ ከማሽኑ ትነሺያለሽ አለችኝ። ወደ ሌላ ክፍል ነው ወይ ስላት፣ ወደ ውጭ ነው አለች። እኔ ሌላ ሥራ አላውቅም። በዚህ ዕድሜዬስ ማን ይቀጥረኛል?

ወደ ሐኪሙ ተመለስኩ። ክኒኑን ይቀይርልኛል ብዬ ስጠብቅ ሌላ ጨመረበት። የጠዋቱ ጠቅሞኛልና ይቀጥላል። አዲሱ ደግሞ ማታ ከመኝታ በፊት የሚወሰድ ነው፤ እሱም የድብርት መድኃኒት ነው፣ በትንሽ መጠን ሲሰጥ ግን እንቅልፍ ያመጣል አለኝ። አንዱ የቀሰቀሰውን ሌላው ሊያስተኛ ማለት ነው። ሌባና ዘበኛ ባንድ ላይ ተቀጠሩልኝ። አብረው ቢዶልቱስ ብዬ ጠየቅኩት። ሁለቱ አብረው እንዲሄዱ መጠኑን አስቦበት እንዳዘዘ፣ በራሴ እንዳልጨምርና እንዳልቀንስ፣ ምናልባት ሰውነቴ ቢንቀጠቀጥ ወይም ቢያተኩሰኝ ሳልውል ሳላድር እንድመጣ ነገረኝ። እኔ የሰማሁት የመጨረሻውን ብቻ ነው።

ቤት ስናገር ሁሉም ሐኪም ሆነ። ባለቤቴ፣ ለራስ ምታት እንኳ ክኒን ለሁለት የሚሰብር ሰው፣ ሁለት መድኃኒት ሆድ ውስጥ ከተገናኘ ይፈላል አለ። ልጄ «እኔንስ ማን ይቀሰቅሰኛል?» አለ፤ ሐዘኑ ከልቡ ነበር።

ሥራ ቦታ አንሶላ አጣፊዋን አማከርኳት። አፏ ስለማይዘጋ ሬዲዮ ነው የምንላት።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? ዋጪው እንጂ» አለችኝ።

«ሁለቱም ቢሰበሩስ?»

«ያኔማ ወድቀሽ ትተኛለሽ። የፈለግሽው እንቅልፍ አይደል እንዴ?»

ክኒኑን በቦርሳዬ ይዤው ሰነበትኩ። ያስፈራኝ መዋጡ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ማታ ዋጥኩት እንበል። ሁለቱ ሆዴ ውስጥ ተያያዙ። ክሊኒኩ ዝግ ነው፣ ታክሲ የለም። ባለቤቴን ብቀሰቅሰው መጀመሪያ ጫማውን ይፈልጋል፤ ጫማው እስኪገኝ እኔ ቀዝቅዣለሁ። ሰው መሞቱ ካልቀረ ለምን በሥራ ሰዓት አይሞትም? ሆቴሉ ውስጥ የመጀመሪያ እርዳታ የሠለጠነ ሰው አለ፣ መኪና በር ላይ ቆሟል፣ ክሊኒኩ ክፍት ነው። ምስክርም አይጠፋም። ስለዚህ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሬዲዮን ከፊቴ አስቀምጬ የማታውን ክኒን በውሃ ዋጥኩት። ዓይኔን እያየች እንድትቆይ፣ ከተገለበጠ እንድትጮህ አዘዝኳት።

ምንም አልሆንኩም። ሬዲዮ ትንሽ ቅር ያላት መሰለኝ፤ ብዙ ሳትቆይ ተነስታ ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔም ከማሽኑ ገና የወጡ የጠረጴዛ ልብሶች የተቆለሉበትን ትልቁን ጋሪ ደገፍ አልኩ። ልብሶቹ ይሞቃሉ። ለአፍታ ብቻ ብዬ ጋሪው ውስጥ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሰማሁት ከሰው ነው። ጋሪ ገፊው ሳያየኝ ከላይ ሌላ ክምር ጨመረብኝ፤ ዛሬ ደግሞ ምን ጭነውበታል እያለ እየተራገመ ወደ ስብሰባ አዳራሹ ወሰደኝ። አዳራሹን የተከራዩት የሕይወት መድን ሻጮች ነበሩ። አስተናጋጁ ሻይ የፈሰሰበትን የጠረጴዛ ልብስ ሊቀይር ከጋሪው አንድ ሲያነሳ እግሬን አገኘ። ጩኸቱ ቀሰቀሰኝ። ዓይኔን ስገልጥ ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሰዎች በላዬ አጎንብሰዋል።

«ሞቻለሁ?» አልኳቸው።

«ገና ነዎት» አለኝ አንደኛው። «እኛም ሻይ እረፍት ላይ ነን።»

ሌላው ሳይቀደም ስልክ ቁጥሩ ያለበትን ካርድ በእጄ ሸጎጠልኝ።

ሽቦ ላውንደሪው በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሬዲዮ እንኳ ዝም ብላለች፤ ሥራዬ ማብቃቱ የገባኝ ያኔ ነው። ሽቦ የምሳውን ወሬ ከሬዲዮ ሰምታ ኖሮ፣ ክኒኑን አምጪ አለችኝ። ማሸጊያው ላይ በእስክሪፕቶ የተጻፈውን በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

«ማታ፣ ከመኝታ በፊት ይላል። ማንበብ አትችይም?»

«አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ።»

«ታዲያ ምሳ ሰዓት ከየት መጣ?»

እውነቱን ነገርኳት። ማታ ብሞት የሚያየኝ የለም፣ እዚህ ግን ሰው አለ አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ንዴት መስሎኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

«ስሚኝ» አለች ዓይኗን እየጠረገች ስትመለስ። «እዚህ መሞት ክልክል ነው፤ አንሶላ ይቆሽሻል። ሐኪምሽ ጋ ደውዪ፣ የሚልሽን አድርጊ። ነገ እረፍት ነሽ። ከነገ ወዲያ ተኝቶ ያደረ ሰው መስለሽ ከመጣሽ ማሽኑ ያንቺ ነው። አንዴ ካዛጋሽ ግን ለሬዲዮ እሰጠዋለሁ።»

ሐኪሙ ስልኩን ከአፉ አርቆ ሲስቅ ሰማሁት። የዛሬው ተወስዷልና ዛሬ ማታ አይደገምም፤ ከነገ ጀምሮ ማታ፣ አልጋሽ ላይ፣ ጋሪ ላይ አይደለም አለኝ።

በማግስቱ ማታ ቤተሰቤን ሰበሰብኩ። ጋዙ እንዴት እንደሚዘጋ፣ ለእህቴ መጀመሪያ ማን እንደሚደውል፣ የትኛውን ቀሚስ ለብሼ መቀበር እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ባለቤቴ፣ ሰማያዊውን ነው ወይስ ያንን የጠበበሽን ብሎ ጠየቀኝ። ልጄ ስልኩን ብረት ድስት ውስጥ ከትቶ ድስቱን ራስጌው አኖረ። ባለቤቴ ወንበር ስቦ ትንፋሼን ሲጠብቅ ሊያድር ማለ። ዋጥኩት። ዝም ካልኩ በክርንህ ጎስመኝ ልለው አፌን ከፈትኩ።

ስነቃ ፀሐይ ፊቴ ላይ ነበረች። አፌ ደርቋል፣ ራሴ ትንሽ ከብዶኛል፣ ርሃብ ደግሞ ለጉድ ነው። ድስቱ ባዶ ነው፤ ልጄ ሄዷል። ድስቱ ሲጮህ ጎረቤት ሁሉ ተነስቶ ግድግዳ መደብደቡን ኋላ ነው የሰማሁት። ጋዙ አልፈነዳም። ሌባ አልገባም። ያን ሁሉ ጊዜ እየጠበቅኩት ያደርኩት ዓለም ያለ እኔ ደህና አደረ፤ እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። ባለቤቴ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም ብሎ ማለ፣ የወንበሩ ሽመና ጉንጩ ላይ ታትሞ።

ሥራ ስደርስ ሽቦ በሩ ላይ ነበረች። ዓይኔን እድፍ እንደሚፈልግ ሰው መረመረችውና አሳለፈችኝ። አንሶላው ተነጠፈ፣ እጄ ወጣ፣ ክዳኑ ወረደ። ደገምኩት። እስከ ምሳ ድረስ ማዛጋቴን እየጠበቀች ከኋላዬ ተመላለሰች። በመጨረሻ ያዛጋችው እሷ ናት።

ጋሪው በአጠገቤ ሲያልፍ ሬዲዮ አስቆመችው። «ዛሬስ አትሳፈሪም?»

«ማታ ነው የምሳፈረው» አልኳትና ክዳኑን አወረድኩት፤ እጄን አስቀድሜ አውጥቼ።