ሰባተኛው ሾርባ

ስልኩ ሲጮህ አቢሶ አፉን ሞልቶ ነበር። ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ ጣል አደረገና አገጩ ሥር ባወረደው ማስክ አፉን ጠረገ። ባኪውን፣ ዳቦ የሚያከፋፍልበትን ፒክአፕ፣ ያቆመው ከሆስፒታሉ አጥር ጥግ፣ ጥበቃዎቹ ከማያዩት ቦታ ነው። ለምን እንደሚደበቅ ራሱም አያውቀውም። የሰው ሾርባ ቢበላ ጥበቃዎቹ ምን አገባቸው?

ሾርባው የሙሉቀን ነው። ሙሉቀን ደግሞ ከሞተ ሦስት ቀኑ።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓርብ ነው። ሐሙስ ዕለት ሙሉቀን ትንፋሽ ሲያጥረው ከኦሬንጅ ፋርም በዚሁ መኪና አምጥቶ ያስገባው አቢሶ ነበር፤ ፎርሙ ላይም «ወንድም» ብሎ የፈረመው እሱ ነው፣ ምንም እንኳ የአክስት ልጅ ቢሆን። በማግስቱ የሙሉቀን ሚስት ኤርጎጌ በክዳን የሚዘጋ ሳህን ሙሉ ሾርባ በፎጣ ጠቅልላ ሰጠችው። በሩ ላይ ግን ጥበቃው፣ «ምግብ አይገባም፣ ማይ ፍሬንድ፤ ኮቪድ» ብሎ መለሰው። እንግዲህ ሙሉ ሳህን ይዞ መመለስ አለ፣ የኤርጎጌን ፊት ማየት አለ። አልቻለም። ልድፋው ቢልም እጁ እምቢ አለው፤ ምግብ መድፋት አገር ቤት ሾኔ ሳለ እናቱ በአርጩሜ ያስተዉት ነገር ነው። ስለዚህ ጠጣው። ወይ ጥፋት! ያን ቀን ደፍቶት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ጣዕሙን አያውቀውም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ባዶውን ሳህን ስትቀበል፣ «ጨረሰው?» አለችው።

«ጨረሰው።»

«ጌታ ይመስገን! ጣዕም አልጠፋበትማ! ይኼ በሽታ መጀመሪያ የሚወስደው ጣዕም አይደል? ጣዕም ካለው ድኗል በለኝ።»

አቢሶም ድኗል አላት። ምን ይበላት? በማግስቱ እሁድ ከሰዓት ሆስፒታሉ ደወለ። ያን ጊዜ የእሁዱ ሾርባ ገና ትኩሱን ከጎኑ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰኞም ማክሰኞም ዛሬም ለሱቋ ዳቦና ለስላሳ ሊያራግፍላት ሲሄድ ሾርባውን ይቀበላል፣ እዚህ አጥር ጥግ አምጥቶ ይጠጣል። ሌላ ቦታ ቢጠጣው ስርቆት የሚሆንበት ይመስለዋል።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ጋሼ ሽጉጤ ናቸው፣ ጀርሚስተን ያለችው ቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ።

«የት ነህ?»

«መንገድ ላይ።»

«ቀብሩ ነገ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆኗል። ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው የተሰጠን፤ ወረፋ ነው አሉ። ለቀብር እንኳ ወረፋ! ለፊርማ አንተ ስለምትፈለግ እንዳትዘገይ።»

«ኤርጎጌስ?»

ጋሼ ሽጉጤ ሳል ያዛቸው። እሳቸውም ታመው ነው የተነሱት፤ ሌሎቹ ሁለት የቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌዎች እንደተኙ ናቸው። «ወንድሟ ደጉ ዛሬ የመንገድ ፈቃድ አግኝቷል፣ ቅዳሜ ከደርባን ይገባል። ቅዳሜ ማለዳ እሱም እኔም ሴቶቹም ሆነን እናረዳታለን።»

«ከተቀበረ በኋላ?»

«ታዲያ ምን እናድርግ አቢሶ? አገር ቤት እንዳንልከው አውሮፕላን የለ። እስከ ቅዳሜ እናቆየው ብንል እምቢ አሉን።»

«ሚስቱ ሳትቀብረው?»

«ማየትስ ምን ታያለች? በፕላስቲክ የተጠቀለለ፣ የተቸነከረ ሳጥን!»

«እኔ ልንገራት፣ ጋሼ።»

«አንተ? ብቻህን? በሱቁ ፍርግርግ በኩል?» ድምፃቸው ከፍ አለ። «መርዶ እንዲህ ይነገራል እንዴ? ብትወድቅ ማን ይይዛታል? የእናትህን መርዶ ስንነግርህ ስንት ነበርን?»

አሥራ ሰባት ነበሩ። ገና ሳይነጋ ገብተው ከበውት ተቀመጡ፣ አንዳቸው ሰላም አለ፣ አንዳቸው ጸለየ። እሱ ገና የሰዎቹን ብዛት ሲያይ ነው የገባው። ማንም አፉን ሳይከፍት።

«ወገብህን ይዤህ የነበርኩት እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ሽጉጤ። «እኔ ባልይዝህ ግድግዳው ይገድልህ ነበር። እንግዲህ ቅዳሜ ነው። እስከዚያ አፍህን ያዝ።»

ስልኩ ተዘጋ። አቢሶ ሳህኑን አየው፤ ከግማሽ በላይ ቀርቷል። ያንንም ጨረሰው። ራበው እንዳይባል የመኪናው ኋላ ዳቦ የሞላበት ነው። እንዲያው ጨረሰው፣ እያለቀሰም ጨረሰው።

ሐሙስ ጠዋት ውርጩ የባኪውን መስታወት ነጭ አድርጎት አደረ። አቢሶ ያለችውን አንድ ጥቁር ኮት ለበሰና ከላይዋ ሰማያዊውን የሥራ ካፖርት ደረበ። ዕቅዱ ግልጽ ነበር፦ ኦሬንጅ ፋርም ዳቦውን ያራግፋል፣ ሾርባውን ይቀበላል፣ ቀብር ይሄዳል። ነገ አንድ ሾርባ። ቅዳሜ ሰዎቹ ይመጣሉ። በቃ፣ ከዛሬው ሌላ አንድ ሾርባ ነው የቀረው። መንገዱን ሁሉ ይህንኑ ለራሱ እየነገረ ነዳ።

ኦሬንጅ ፋርም ሲደርስ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። የከሰል ጭስ በቆርቆሮ ቤቶቹ ላይ ተኝቷል። ከስፓዛው፣ ከኤርጎጌ ትንሽ ሱቅ፣ ፊት አራት ሰዎች ተራርቀው ተሰልፈዋል። ከፊት ያሉት ጎጎ ኖምሳ ናቸው፣ ሰፈሩ «ጎጎ»፣ አያት፣ የሚላቸው ጎረቤት አሮጊት፤ በየጠዋቱ ግማሽ ዳቦና አንድ ጠርሙስ ላምባ የሚገዙ። ኤርጎጌ እንደ ወትሮው ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ናት። የሙሉቀንን ሹራብ ለብሳለች፤ እጅጌው ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎም እጇን ይሸፍናል። ባሏ ከገባ ጀምሮ ዘራፊ ፈርታ በሩን ለማንም አትከፍትም። ዳቦውንም አንድ በአንድ በፍርግርጉ ትንሽ መስኮት ነው የምትቀበለው።

«ሳውቦና ጎጎ» አለ አቢሶ።

«ሳውቦና ልጄ። ባሏ እንዴት ሆነ?» አሉ ጎጎ ኖምሳ በእንግሊዝኛ።

አቢሶ አንገቱን ነቀነቀ። አዎም አይደለም፣ አይደለምም አይደለም። ዳቦውን ማቀበል ጀመረ።

«ዛሬ ምን አግኝቼለታለሁ መሰለህ?» አለች ኤርጎጌ እየደረደረች። ደስ ብሏታል፤ ደስ ሲላት ቶሎ ቶሎ ነው የምታወራው። «ቅልጥም! ያ ሥጋ ሻጭ ሁልጊዜ የለም ሲለኝ ከርሞ ትናንት ራሱ ደወለልኝ። ሌሊቱን ሙሉ በትንሽ እሳት ተጥዶ ነው ያደረው። ዝንጅብልም አለው፤ ለደረት ነው። ጨውም ጨምሬያለሁ፤ አነሰው ብሎ የለ?»

ብሏል። ማክሰኞ ዕለት፣ «ምን አለ? አንድ ነገር እንኳ አላለም?» ብላ ስታፋጥጠው አቢሶ ነው «ጨው አነሰው አለ» ያላት። እሷም ከት ብላ ስቃ፣ «የሱ ነገር! ባሕሩን ቢሰጡት ጨው አነሰው ይላል» ብላ ነበር። ጨውስ በእርግጥ አንሶት ነበር፤ ለአቢሶ።

«ካልሲም አለ» ቀጠለች። «እግሩን ይበርደዋል፣ ንገራቸው፣ ያልብሱት። ስልኩንም ቻርጅ ያድርጉለት፤ ዛሬም ዝግ ነው የሚለኝ። አንተ ግን ምነው?» ቀና ብላ በካፖርቱ መሀል አየችው። «ኮት ለብሰሃል እንዴ? ሠርግ ነው? በሎክዳውን ማነው የሚያገባው?»

«ቀጠሮ አለኝ።»

«እሰይ! እኔን ጠይቀህ ነው ግን የምታገባው» ብላ ሳቀችና ወደ ውስጥ ገባች። ሳህኑን በፎጣ ጠቅልላ ተመለሰች። ካልሲው አዲስ ነው፣ ግራጫ፣ ከነወረቀቱ። ከሳህኑ ላይ አስቀምጣ በመስኮቷ ገፋችው።

«ያዘው፣ ያቃጥላል፣ በፎጣው ያዝ።»

አቢሶ እጁን ሊዘረጋ ነበር። እውነቱን ለመናገር ዘርግቶም ነበር። ካልሲውን ሲያይ ግን እጆቹን መልሶ ካፖርቱ ኪስ ከተታቸው። ሾርባውን መጠጣት ይችላል፤ ሰባተኛውንም ስምንተኛውንም መጠጣት ይችላል። ካልሲውን ምን ያደርገዋል? እግሩ ላይ ያጠልቀዋል?

«ኧረ ያዘው! ይቀዘቅዛል እኮ።»

አቢሶ ወደ ተቆለፈው በር አየ።

«አቢሶ!»

«ኤርጎጌ፣ በሩን ክፈቺው።»

«ለምን?»

«ክፈቺው፣ እባክሽ።»

ኮቱን አየችው። ከዚያ በኪስ የተደበቁትን እጆቹን። ሳቋ ገና ከፊቷ አልወረደም ነበር፤ እዚያው ደርቆ ቀረ።

«ትናንት ጨርሶታል ብለኸኝ የለ?»

«እኔ ነኝ የጨረስኩት።»

«ሰኞስ?»

«እኔ ነኝ።»

«ጨው አነሰው ያለውስ?»

አቢሶ ወደ ካልሲው አቀረቀረ።

ኤርጎጌ በፍርግርጉ በኩል ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች፣ ከትከሻው በላይ እስከ መንገዱ ጫፍ አየች። ተሰላፊዎቹ አሉ፣ ባኪው አለ፣ ሌላ ማንም የለም።

«ሰዎቹስ?» አለች። «ብቻህን ነው የመጣኸው? ጋሼ ሽጉጤስ? ብቻህንማ ከሆንክ ውሸት ነው። ሙሉቀንን የሚያህል ሰው ሞቶ አንድ ሰው ብቻ አይመጣም። ውሸት ነው በለኝ!»

«ሰው መምጣት አልቻለም። ቅዳሜ ነው የሚመጡት። ቀብሩ ግን ዛሬ ነው፣ አራት ሰዓት ላይ። ለዚህ ነው ብቻዬን የ...»

«መቼ?»

«እሁድ።»

ሳህኑ በመስኮቷ ላይ እንዳለ ነው፤ አሁንም በሁለት እጇ ይዛዋለች። አልጮኸችም። ብቻ ከባንኮኒው በታች ወረደች፣ እጆቿ ከላይ ሳህኑን እንደያዙ ቀሩ። አቢሶ ፍርግርጉን በሁለት እጁ ነቀነቀው። ጋሼ ሽጉጤ እውነታቸውን ነበር፤ ብትወድቅ ማን ይይዛታል? እዚህ ሆኖ እያያት እንኳ መያዝ አልቻለም።

«ሃዉ!» አሉ ጎጎ ኖምሳ። የላምባ ጠርሙሳቸውን መሬት አስቀመጡ፣ አቢሶን በክርናቸው ገፋ አደረጉና ፊታቸውን ወደ መስኮቷ አስጠጉ። ማስካቸውን አወረዱ። «ቁልፉን ስጪኝ ልጄ። ቁልፉን። ይኸው እኔ ነኝ፣ ጎጎ ነኝ።»

ኤርጎጌ ለሳምንት ለማንም ያልሰጠችውን ቁልፍ ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ገብተው መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ከኋላዋ ወገቧን አቅፈው ያዙ። ጩኸቱ የመጣው ያኔ ነው፤ የሚይዛት ሲኖር። ተሰላፊዎቹ ኮፍያቸውን አወለቁ። አንዱ ወጣት የራሱን ዳቦ ሳይገዛ ሄደ።

አቢሶ ከደጃፉ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያይ ነበር። ራሱን ጠላ፣ ግን ያይ ነበር። ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን፣ «ኤርጎጌ፣ ከዚህ ካለፈ አንደርስም» አለ።

ተነሳች። ፊቷን በሙሉቀን እጅጌ ጠረገች። ዳቦውን ከነመደርደሪያው ትታ ወጣች፣ በሩን ራሷ ቆለፈች። ሳህኑንና ካልሲውን በብብቷ ይዛለች።

አቢሶ የባኪውን የፊት በር ከፈተላት። ከወንበሩ ላይ የዳቦውን ደረሰኝ አንስቶ በእጁ አበስ አበስ አደረገው። «እዚህ ግቢ፣ ከኋላ ይበርድሻል።»

ኤርጎጌ ወንበሩን አየችው። ሾርባዋ በየቀኑ የሚቀመጥበት ወንበር ነው። ከዚያ እሱን አየችው፤ ከነገራት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ጣፈጠህ?» አለችው።

መልሱን አልጠበቀችም። ዞራ ወደ ኋላ ሄደችና ባዶዎቹን የዳቦ ሣጥኖች ገፋ ገፋ አድርጋ ክፍቱ የጭነት ቦታ ላይ ወጣች። ጎጎ ኖምሳም ማንም ሳይጠራቸው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ እያቃሰቱ ተከትለዋት ወጡና ከአጠገቧ ተቀመጡ።

የአቢሶ ስልክ ጮኸ። ጋሼ ሽጉጤ ናቸው። እንዲጮህ ተወው፣ የከፈተውን በር መልሶ ዘጋና ሞተሩን አስነሳ።