የመሃሉ ወንበር

በዚያ ክረምት ሥራ አልነበረም። ዝናቡ ከጧት እስከ ማታ ይወርዳል፤ ሜዳ ላይ ቆሞ ትርኢት የሚያይ የለም። ከጎማ ጠጋኝ ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተን አራት ሆነን እንኖር ነበር፤ እኔ፣ ታላቅ እህቴ፣ ባሏና ልጃቸው። ጣሪያው ያፈሳል። መጀመሪያ ከበሮውን ሸጥን፣ ቀጥሎ ደህናውን ብርድ ልብስ። ልጅቷ ገና መቀመጥ አልጀመረችም ነበር። ሳል ያዛት። ሐኪም ቤት ስንደርስ ደክማለች፤ አልተረፈችም። ቀብረን ስንመለስ ክፍሉ ውሃ ገብቶበት ጫማዎቻችን ይንሳፈፉ ነበር። እህቴ አንድ በአንድ ለቅማ ግድግዳው ላይ ሰቀለቻቸው።

ቡድናችን ከተመሠረተ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ቡድን ስል ሦስት ሰው ማለቴ ነው። የእህቴን ባል ሸንበቆ እንለዋለን፤ ቁመቱ እንጂ ሥጋው አይታይም። እኔና እሱ ግራና ቀኝ ቆመን፣ እንደ ጠርሙስ የተጠረቡ የእንጨት ዱላዎች እንወራወራለን። እህቴ በመሃላችን ወንበር ላይ ተቀምጣ ጋዜጣ ታነባለች። ዱላዎቹ በአፍንጫዋ ፊትና በማጅራቷ በኩል ሽው እያሉ ያልፋሉ። እሷ ቀና አትልም። ጣቷን ምራቅ አስነክታ ገጽ ትገልጣለች። ሰው የሚስቀው በዚህ ነው። የሥራው ሕግ አንድ ነው፤ የመሃሉ ሰው አይነቃነቅም። እኛ ስንወረውር እሷን እያየን አይደለም፤ አትነቃነቅም ብለን አምነን ነው።

ዝናቡ ሳያባራ አንድ ባለ አዳራሽ ጠራን። ለአንድ ቀን ልሞክራችሁ አለ። እህቴ ከሐዘኗ አልወጣችም፤ ነገር ግን ቤት ውስጥ የሚላስ የሚቀመስ አልነበረም። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ትርኢቱ ደህና ሄደ። ወደ መገባደጃው ከሕዝቡ መሃል አንድ ሕፃን አለቀሰ። እህቴ ወደ ድምፁ ተስባ ዞረች። ሸንበቆ የወረወረው ዱላ ግራ ጉንጯ ላይ አረፈ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የትርኢቱ አካል መስሏቸዋል። እህቴ አፏን በጋዜጣው ሸፍና ተነሣችና እጅ ነሣች። ሳቁ ባሰ።

ጓሮ ቧንቧ ላይ አፏን ስትታጠብ ባለ አዳራሹ ሸንበቆን ጥግ አስያዘው። ያቺ ምት በየቀኑ ካለች ክረምቱን ሙሉ ሥራ አላችሁ፣ ከሌለች መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ አለው። ሸንበቆ እሺ አለ። እሷን አልጠየቃትም። ስትመለስ ያለቀ ነገር ነገራት።

ብዙ አየችውና ወደ እኔ ዞረች።

«ለዚያ ሰውዬ ንገረው» አለች፤ «ዱላው ላይ ጨርቅ ይጠቅልልበት።»

ከዚያ ወዲያ ባሏን በቀጥታ አላናገረችውም። አንድ ፍራሽ ላይ ይተኛሉ፣ ከአንድ ሳህን ይበላሉ፣ ቃል ግን የሚያልፈው በእኔ በኩል ነው። «ወንድምዓለም፣ ቁልፉ የተበጠሰውን ሸሚዝ ያውልቅ በለው።» ሸንበቆ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጦ ይሰማል። አንዳንዴ፣ «ወይዘሮዋን አመስግንልኝ፤ መርፌውን ግን ውስጡ እንዳትተዪው በላት» ይለኛል። እኔ እስቃለሁ። እሷ አትስቅም።

ክረምቱ አለፈ፤ ምቱ ግን ስማችን ሆኖ ቀረ። ከከተማ ከተማ ስንዞር ባለ አዳራሾች አስቀድመው የሚጠይቁን እሱን ነው። ጨርቅ ቢጠቀለልበትም እንጨት ነው። የጉንጯ እብጠት ሳይጎድል ሌላው ይደርስበታል፤ ፓውደር ትለቀልቅበታለች። ሸንበቆ እጁን ካለዘበ ድምፁ አይሰማም፣ ድምፁ ካልተሰማ ሰው አይስቅም፣ ሰው ካልሳቀ ይደገም ይባላል። ሁለቴ ከምመታ አንዴ ጠንከር ያድርገው ያለችው ራሷ ናት፤ በእኔ በኩል። አንድ ጊዜ እኔ ልቀመጥልሽ አልኳት። ማን ይወረውራል አለችኝ። መወርወር አትችልም ነበር፤ ያስተማራት የለም።

እንዲህ ሆነን ዓመታት ሄዱ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ያደርንበት ቤት በረንዳ ላይ፣ የትርኢቱን ጋዜጣ በሙጫ ትጠግን ነበር። ሸንበቆ መጥቶ በግራዋ ቁጢጥ አለ። መሬት መሬቱን እያየ፣ ያን ቀን ሳልጠይቅሽ እሺ ማለቴ እንቅልፍ ይነሣኛል፣ ዕዳሽ አለብኝ አላት። ሙጫዋን መቀባት ቀጠለች። ጠበቀ። በኋላ ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ።

«እህትህ ድንጋይ ናት።»

«አልሰማችህም።»

«አጠገቧ ቁጭ ብዬ?»

«በግራዋ ነው የተቀመጥከው። ያ ጆሮዋ መስማት ካቆመ ዓመት አልፎታል።»

ግድግዳውን ተደገፈ።

በማግስቱ ጧት ዱላዎቹን ይዞ በቀኟ በኩል መጣ። ያለውን አልደገመውም። አንዱን ዱላ እጇ ላይ አኑሮ አያያዙን አሳያት።

«ሰውዬው ምን ነካው?» አለችኝ።

«መወርወር ሊያስተምርሽ ነው።»

«በስተርጅና» አለች፤ ዱላውን ግን አልመለሰችለትም።

ብዙ ወራት ፈጀ። ጧት ጧት ጓሮ ይወጣሉ። ጥፍሯ ተነቀለ፤ በጨርቅ አስራ ቀጠለች። እሱ የእጇን አንጓ ይዞ ያስተካክልላታል፣ ቃል አይወጣቸውም። ማታ መድረክ ላይ ያው እጅ ይመታታል።

አንድ ቀን መድረክ ልንወጣ ስንል ሸንበቆ ጋዜጣውን ከእጇ ወሰደ። በአንገቱ ወደ ዱላዎቹ አመለከታትና ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ፤ ሰው ገና ሲያየው ሳቀ። እህቴ እሱ በሚቆምበት በኩል ቆመች። መወራወር ጀመርን። እጇ ንጹሕ ነበር። ሸንበቆ ገጽ ገለጠ፤ አልተነቃነቀም።

የምቱ ሰዓት ደረሰ። ጨርቅ የተጠቀለለበትን ትታ ባዶውን ዱላ አነሣች። ለምት የሚወረወረው የተጠቀለለው ብቻ ነበርና፣ ልትመታው እንዳላሰበች ያኔ ገባኝ። ዱላው ከፊቱ ስንዝር ርቆ መጣ። ልቀልበው እጄን ዘረጋሁ። ሸንበቆ እያየው አንገቱን አስግጎ ገባበት፤ ግራ ፊቱን ሰጠው።

ድምፁ እስከ ኋላ ወንበሮች ተሰማ። ከነወንበሩ ወደቀ። ሰው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እህቴ ዱላዎቹን መሬት ላይ አኑራ ሄዳ ተንበረከከች። በእጅጌዋ ከጆሮው ሥር ደሙን ጠረገችለት። ወደ እኔ አልዞረችም።

«ይበቃል፤ ከፍለሃል» አለችው። «ተነሥ አሁን፣ ሰው እያየን ነው።»

ክንዱን ይዛ አስነሣችው፤ ጎን ለጎን ሆነው እጅ ነሡ።